በምሳ ሰዓት ማን ያንብብ?

ፒናር ዴል ሪዮ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለኤድልሚራ፤

ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ እጅዎ ስትገባ በሙሉ ጤንነት ታግኝዎት። እኛ፣ የኮብሬዋ እመቤታችን ትመስገን፣ ደህና ነን። አያቴ «የአጎቴ ልጅ ካናሪ ደሴት ገብታ ረሳችን» እያለች በየቀኑ ትወቅስዎታለች፤ ግን የላኩላትን ሻርፕ ሰው በሚቀልጥበት ሙቀት እንኳ ከአንገቷ አታወርደውም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዘንድሮ ከማስተምርበት ክፍል አንስተው የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ሰጡኝ። ሰጡኝ ስል ቁልፉን ማለቴ ነው፤ የሚገባበት ሰው የለም። ቁጭ ብዬ አቧራ ከመቁጠር ብዬ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች የምሳ ሰዓት የንባብ ክበብ ከፈትኩ። በመጀመሪያው ቀን ከረሜላ ስለነበረኝ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። በማግስቱ ከረሜላው አለቀ፣ ልጆቹም አብረው አለቁ። አሁን የሚመጡት ከዝናብ የሚሸሹ ብቻ ናቸው፤ እነሱንም «የታሪኩ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ዝናቡን ይመርጣሉ።

ዳይሬክተራችን ጓድ ኤቬሊዮ ክፉ ሰው አይደለም። እንደ እኛ ከትምባሆ አገር ሳይሆን ከስኳር አገር፣ ከወዲያ ከምሥራቅ የመጣ ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ የሚወደው ነገር ቢኖር ሰልፍ ነው። «ጓድ ኒዩርካ፣ እስከ ጃንዋሪ ክበብሽ ካልሞላ የምሳውን ሰዓት ለሰልፍ ልምምድ እወስደዋለሁ» ብሎኛል። አክስቴ፣ ይህን ክበብ ካጣሁ አስተማሪነቴ አከተመ ማለት ነው። ቁልፍ ጠባቂ ሆኜ እቀራለሁ፤ ይህን ደግሞ አልችለውም።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሲጋር ፋብሪካ ትምባሆ እየጠቀለሉ ለሚውሉት ሠራተኞች፣ ለጠቅላዮቹ፣ ጮክ ብለው ያነበቡ ሰው ስለሆኑ ችግሬ ይገባዎታል። ሰው ካገኙ ትንሽ ከረሜላ፣ ባለቀለም እስክሪብቶና ለሽልማት የሚሆን ወፍራም ወረቀት ይላኩልኝ።

እርስዎስ? እዚያ ለማን ያነባሉ?

አክባሪዎ ልጅዎ
ኒዩርካ


ሎስ ያኖስ፣ ላ ፓልማ፣ ካናሪ ደሴቶች፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1996

ልጄ ኒዩርካ፤

እግዜር ከክፉ ነገር ይሰውርሽ፤ ጉሮሮሽንም አይንሳሽ። ለዚያች ነገረኛ አያትሽ አልረሳኋትም በያት። ሻርፑን ትጠበው።

ከረሜላ አልልክም። ደም ብታለቅሺ አልልክም። ሰው በከረሜላ የሚመጣው ለከረሜላው ነው፤ ይኸው ራስሽ አይተሽዋል። እስክሪብቶም አልልክም። ያንቺ ችግር የዕቃ አይደለም፣ ያንቺ ችግር አስተማሪነትሽ ነው። አትቆጪ፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ።

መጽሐፉን ማን መረጠው? አንቺ። ለምን? «ይጠቅማቸዋል» ብለሽ። እንዲህ ባደርግ ኖሮ እኔ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሳምንት አልሰነብትም ነበር! እኛ ዘንድ መጽሐፍ የሚመርጡት ጠቅላዮቹ ናቸው። የሦስት መጽሐፍ መጀመሪያ አነብላቸዋለሁ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ከዚያ እጅ ያወጣሉ። ራሱ መርጦት የተሰላቸ ሰው እንኳ አፍሮ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ እጃቸውን ሥራ አስይዢው። ሰው እጁ ሲሠራ ጆሮው ነፃ ነው። ያንቺ ልጆች በምሳ ሰዓት ሥራቸው ምንድን ነው? መብላት! ታዲያ ከሾርባቸው አስነስተሽ ወደ አቧራ ቤትሽ ለምን ትጠሪያቸዋለሽ? አንቺ ወደ ሾርባው ሂጂ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄ አትጠይቂ። ይጠይቁሽ። ሁልጊዜ ደግሞ ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ መጽሐፉን ዝጊና ውጪ። ይራገሙሽ። እኔን ስንት ጊዜ ረግመውኛል መሰለሽ! ንባቡ ሲጥማቸው ግን ያቺን ቅጠል የሚቆርጡባትን ቢላ፣ ቻቤታዋን፣ በሚሠሩበት ሰሌዳ ላይ መምታት ይጀምራሉ፤ አንዱ ጀምሮት አዳራሹ ሁሉ ይቀበለዋል። ከዚያ የሚበልጥ ጭብጨባ በሕይወቴ አልሰማሁም። ሲጠሉሽ ደግሞ ቢላውን መሬት ላይ ይጥሉታል። አንድ ጊዜ ብቻ ጥለውብኛል፤ ጥፋቱ የመጽሐፉ ነበር።

እዚህ ነፋስ ነው። ልጄ ሙዝ ማሸጊያ ቤት ትሠራለች፤ ማታ ደክሟት ስለምትገባ ብዙም አናወራም። በዚያ ሰፈር ወሬ ካለ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ኤድልሚራ


ፒናር ዴል ሪዮ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1996

ለውድ አክስቴ፤

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ። እኔ ግን ሰላም የለኝም፤ ጉድ ፈልቷል።

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ሁለተኛ ሳነበው ሳቅሁ፤ በማግስቱ ሦስት መጽሐፍ ታቅፌ ምግብ አዳራሽ ገባሁ። የየአንዳንዳቸውን መጀመሪያ ገጽ አነበብኩላቸው። ዙሌማ የምትባል ልጅ አለችኝ፤ ድምፅዋ ከመንገድ ወዲያ ይሰማል፣ ጭቅጭቅ ያጣች ቀን ያማታል። ብድግ አለችና «ቲቸር፣ ያ ሽፋን የሌለው ይሁን። ገና በመጀመሪያው ገጽ ሰው ሞቷል!» አለች። ማንኪያ አውጥተው ድምፅ ሰጡ። ሽፋን የሌለው አሸነፈ። ሮሳውራ ስለምትባል የመርከብ ካፒቴን የሚተርክ አሮጌ ልቦለድ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ወንድሟ ባሕር ውስጥ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የገዛ መርከበኞቿ ይከዷትና ጨው መጋዘን ውስጥ ይቆልፉባታል።

አክስቴ፣ አዳራሹን ቢያዩት! የአተር ሾርባና ስኳር ድንች እየበሉ ጆሮ ብቻ ሆኑ። እንደመከሩኝ እያንጠለጠልኩ ዘጋሁ፤ እንዳሉኝም ተረገምኩ። የስምንተኛ ክፍሎች ወንበር ይዘው መምጣት ጀመሩ። የቢላውንም ነገር ነገርኳቸው፤ ግማሾቹ ወላጆቻቸው ጠቅላዮች ስለሆኑ ያውቁታል። «እኛም በማንኪያ!» ተባለ።

ባለፈው ሐሙስ ሮሳውራ የመጋዘኑን በር የምትሰብርበት ቦታ ደረስን። በሩ ሲሰበር ማንኪያው ተጀመረ። ሁሉም በአንድ ላይ፣ በብረት ትሪ ላይ! ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሩ ሲከፈት ከውጭ ፋኖስ የያዘ ሰው ቆሞ እንደሚጠብቃት አነበብኩ። ልክ በዚህ ጊዜ ጓድ ኤቬሊዮ ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ ገባ።

«ጓዶች! ጓዶች! ምግቡ የሁላችንም ችግር ነው! ቅሬታ ያለው በተወካይ ያቅርብ!»

ሰውየው ተማሪዎቹ በሾርባው አምፀው ትሪ የሚደበድቡ መስሎታል። የስኳር አገር ሰው የትምባሆ ቤት ጭብጨባ ከየት ያውቃል? ዙሌማ ልታስረዳ ብላ ጭራሽ አባባሰችው።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ መጋዘኑ ተሰበረ እኮ!»

«የትኛው መጋዘን? መቼ? ምን ተወሰደ?» ብሎ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ ወደ እህል ቤቱ ሮጠ።

ይሄ ሳያንስ ወጥ ቤታችን ካቻ «ምግቡ ችግር ነው» የሚለውን ሰምታ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። «አተሬን ነው የምትደበድቡት? እናታችሁ ቤት ስቴክ ትበላላችሁ? ዘይት በሌለበት፣ ሽንኩርት በሌለበት፣ ከእሳት ጋር እየተጋደልኩ!» ብላ ሽርጧን ወርውራ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ለምነን መለስናት።

እህል ቤቱ እንዳልተሰበረ ሲያረጋግጥ ጓድ ኤቬሊዮ ቢሮው ጠራኝ። ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት። «አምንሻለሁ» አለኝ፤ «ግን መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው አያምንሽም። ምግብ በጠፋበት በዚህ ጊዜ የትሪ ድምፅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ክበቡ ተዘግቷል።» ከጃንዋሪ ጀምሮ ሰልፍ ነው።

ቅስሜ ተሰብሯል። አክስቴ፣ እባክዎ እርስዎ ይጻፉለት። የሠላሳ ዓመት አንባቢ እንደሆኑ፣ ልማዱ ከጥንት የመጣ እንደሆነ ያስረዱልኝ። እርስዎን ይሰማል።

ደግሞ ለጥያቄዬ አልመለሱልኝም። እዚያ ያነባሉ ወይ?

ልጅዎ ኒዩርካ


ሎስ ያኖስ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1997

ልጄ፤

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልሽ።

ከሳቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። «ምን ተወሰደ?» የሚለው ላይ ስደርስ የቤቱ ድመት ደንግጦ ሸሸ። ሰውየውን ግን አትቀየሚው። የልጆቹን ድምፅ ሰምቶ ሮጦ የመጣ ዳይሬክተር ነው፤ ቢሮው ተቀምጦ ከሚሰማ ይሻላል።

ደብዳቤ አልጽፍለትም። በእኔ ዕድሜ አንባቢ ለአሠሪ አቤት ሲል አላየሁም። አንባቢውን የሚቀጥሩት አድማጮቹ ናቸው፤ ከሥራ የሚያስወጡትም እነሱ። ክፉ ነገር ሲመጣበት የሚቆሙለትም እነሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አፍሽን ይዘሽ ቁጭ በይ። ቢሮው አትሂጂ፣ አታልቅሺ፣ መጽሐፉን ለማንም አታውሺ። ፋኖስ የያዘው ማን እንደሆነ ለአያትሽ እንኳ እንዳትነግሪ! ማን እንደሚንቀሳቀስ እናያለን። ማንም ካልተንቀሳቀሰ ንባብሽ አልያዛቸውም ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ሰልፉ ይሻላል። መራር ነው፣ አውቃለሁ።

ስለ እኔ ደጋግመሽ ትጠይቂያለሽ። አላነብም። ለማን? ልጄ ቴሌቪዥኑ ፊት እንቅልፍ ይወስዳታል። ለግድግዳ አይነበብም። ከመጣሁ ጀምሮ መጽሐፍ አልገለጥኩም፤ አሁን ካወቅሽው እንግዲህ ሁለተኛ አትጠይቂኝ።

ፋኖሱን የያዘው ግን ማነው? ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ።

ኤድልሚራ


ፒናር ዴል ሪዮ፣ ማርች 16 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ ለኤድልሚራ፤

እንኳን ደስ አለዎት! እንኳን ደስ አለን!

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ግን እንዳሉት ሆኖ ነበር። እኔ ተሸንፌ ተቀምጬ ነበርና ምስጋናው የእኔ አይደለም። ልጆቹ በፀሐይ ግራ ቀኝ ሲሉ በመስኮት እያየሁ አለቅስ ነበር።

የመጀመሪያዋ ተንቀሳቃሽ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ካቻ! ለካ በወጥ ቤቱ መስኮት አንድ ቀን ሳታስቀር ስትሰማ ኖራለች። ጓድ ኤቬሊዮ ምሳውን ሊወስድ ሲሰለፍ ጭልፋዋን አየር ላይ አቆመችበት።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ፋኖሱን የያዘው ማነው?»

«የምን ፋኖስ?»

«እርስዎ ያቋረጡት።»

«ካቻ፣ ሾርባውን ስጪኝ።»

«እሰጥዎታለሁ። መልሱን ሲያመጡልኝ ደግሞ ሥጋም እፈልግልዎታለሁ።»

በሁለተኛው ቀን ደግሞ እሱን ራሱን ወንበር አስይዛ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ካፒቴኗ እንደተከዳች ያውቃሉ?» ብላ ከመጀመሪያ ጀምራ ተረከችለት። ሾርባው በረደ፤ ሰውየው አልተነሳም።

እኔ የማላውቀው ሌላ ነገርም ነበር። ልጆቹ የሰሙትን በየማታው ቤት ሄደው ያወራሉ። እናትና አባት ደግሞ በማግስቱ ፋብሪካ ይዘውት ይገባሉ። ስለዚህ የእኛ ንባብ ሲቋረጥ የጠቅላዮቹም አዳራሽ አብሮ ተንጠልጥሎ ቀርቷል! ፋኖስ የያዘው ከሃዲው መርከበኛ ነው በሚሉና አይደለም በሚሉ መካከል ሰዎች ሰላምታ እስከመከልከል ደርሰዋል። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡና ሦስት ሰው ወደ ትምህርት ቤታችን ላኩ። የልኡካኑ መሪ የዙሌማ እናት ናት። ልጅቱ ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው ያን ቀን ገባኝ።

«ጓድ ዳይሬክተር» አለች ቢሮው መሃል ቆማ፤ «እኛ ንባብ ሲጥመን በቢላ ሰሌዳ እንመታለን። ጭብጨባችን ነው። አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ልጆቻችን ቢላ ስለሌላቸው በማንኪያ መቱ። ይሄ አመፅ ከሆነ እኛ ፋብሪካ ውስጥ በየቀኑ አመፅ አለ፤ ኑና እሰሩን።»

ጓድ ኤቬሊዮ ከወንበሩ ተነስቶ የቢሮውን በር ከፈተላቸው። ከዚያ፣ «ነገ እኔ ራሴ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከዚያ እወስናለሁ» አለ።

በማግስቱ አዳራሹ መቆሚያ አልነበረውም። ልኡካኑ ግድግዳ ተደግፈዋል፣ ካቻ ጭልፋዋን አስቀምጣ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጓድ ኤቬሊዮ ከሰባተኛ ክፍሎች መሃል ትሪውን ይዞ ተቀምጧል። ካላማረ ክበቡ ብቻ ሳይሆን እኔም እዚያው እንደማበቃ አውቃለሁ። መጽሐፉን ገልጬ ጀመርኩ። ሮሳውራ ወጣች። የፋኖሱ ብርሃን ዓይኗን ወጋው። ሰውየው ፋኖሱን ወደ ራሱ ፊት ቀስ ብሎ አነሳው። ወንድሟ ነው!

ዙሌማ ወንበር ላይ ወጣች። «ብያችኋለሁ! ብያችኋለሁ! ሬሳው ያልተገኘ ሰው አልሞተም!»

ማንኪያው ወረደ አክስቴ። ልጆቹ፣ ጠቅላዮቹ በጣታቸው ግድግዳውን፣ ካቻ በድስት ክዳን! ያን ያህል ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ገጹን ገለጥኩና ወንድምየው «እኔን ማን እንደሸጠኝ ታውቂያለሽ?» የሚልበት ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ጓድ ኤቬሊዮ ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «የሸጠው ሰው ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ» አለ እንደ ዐዋጅ፣ «የምሳ ሰዓት የሰልፍ ልምምድ ተሰርዟል!» ልጆቹ ተሸክመውት ሊወጡ ነበር። መንገደኛው ምን ይላል ብሎ መስኮቶቹን እንድንዘጋ ግን አዘዘን፤ በማግስቱ ሙቀቱ ሲያስቸግረው ራሱ ከፈታቸው።

መጽሐፉ ሲያልቅ ምን ይሆናል እንዳይሉኝ። የመጀመሪያውን ገና ሳይጨርሱ ሁለተኛውን እየመረጡ ነው። አሁን ከእርስዎ ከረሜላም፣ እስክሪብቶም፣ ደብዳቤም አልፈልግም። ጤናዎን ብቻ።

አትጠይቂኝ ስላሉኝ አልጠይቅም።

ልጅዎ ኒዩርካ


ሎስ ያኖስ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1997

ልጄ ኒዩርካ፤

ተባረኪ። ሌላ ምን እላለሁ? ተባረኪ።

ደብዳቤሽን እራት ላይ ለልጄ አነበብኩላት። ፋኖሱ ጋ ስደርስ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው፤ ሹካዋን እንደያዘች ቀረች። በማግስቱ ለሥራ ጓደኞቿ ነግራቸው፣ እነሱም «እናትሽ ትምጣና ትንገረን» አሉ። ሞኝ አትሁኚ፣ ድምፄ ዝጓል አልኳት። ልጄ ካፖርቴን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

ሙዝ ማሸጊያ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽኑ ይጮኻል። ሴቶቹ ጓንት አድርገው ሙዝ ያጥባሉ፣ ይመርጣሉ፣ ካርቶን ይሞላሉ። እጃቸው ሥራ ላይ ነው፣ ጆሯቸው ነፃ ነው። ሣጥን ላይ ወጥቼ ከቤት ያገኘሁትን ልቦለድ ከፈትኩ። መጀመሪያ ድምፄ እንደ ቁራ ነበር፤ አፈርኩ። ከሁለተኛው ገጽ በኋላ አንዷ ተነስታ ሬዲዮኑን አጠፋችው። ኒዩርካ፣ ያቺ ሬዲዮ ስትጠፋ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተፈታ። አለቀስኩ፤ ግን እያነበብኩ ነው ያለቀስኩት፣ የመጽሐፉ ሐዘን መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። ደብዳቤዬ ያጠረው ለነገ ስለምዘጋጅ ነው።

እንግዲህ አንድ ምክር ይቀረኛል፤ ይኼኛው ያማል። እኛ ዘንድ አንባቢም ይመረጣል። ተወዳዳሪዎች እየተነሱ ያነባሉ፣ ጠቅላዮቹ ድምፅ ይሰጣሉ። ክበቡ የእውነት የልጆቹ እንዲሆን ከፈለግሽ አስመርጪያቸው። አንቺም ተወዳደሪ እንጂ አትፍሪ።

ኤድልሚራ፣ የሙዝ ቤቱ አንባቢ


ፒናር ዴል ሪዮ፣ ጁን 15 ቀን 1997

ለአክስቴ ለኤድልሚራ፣ ለሙዝ ቤቱ አንባቢ፤

ሰላምታዬ እሣጥንዎ ላይ ቆመው ያግኝዎት፤ አያቴ ደግሞ ደብዳቤዎን ሰምታ ሻርፑን አጠበችው።

ምርጫውን አደረግን። አራት ሆነን ተወዳደርን፤ እኔ፣ ዙሌማ፣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅና፣ አይሳቁ፣ ጓድ ኤቬሊዮ። እሱ እንደ ንግግር አነበበውና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ «የድምፅ ቆጠራው ትክክል ነው» ብሎ በክብር ተቀመጠ።

እኔ አሸንፋለሁ ብዬ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ እርግጠኛ ነበርኩ። ጥሩ አነበብኩ፤ ማንኪያውም ጥሩ ተመታልኝ። ከዚያ ዙሌማ ተነሳች። ያቺ ለጭቅጭቅ የተሠራች ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው። ሁላችንም ወደፊት ዘንበል አልን። ካቻ እሳቱን ቀነሰች። አክስቴ፣ እኔ ያን የሮሳውራን መጽሐፍ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እሷ ስታነበው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰማው መሰለኝ።

ተሸነፍኩ። በሰፊው ተሸነፍኩ። ልጆቹ አዝነው ያዩኝ ነበር፤ እኔ ግን እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። በሴፕቴምበር ከዝናብ የሚሸሹ ልጆች ብቻ ነበሩኝ፤ አሁን አስተማሪያቸውን አውርደው አንባቢያቸውን የሚመርጡ ሰዎች አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ትሪዬን ይዤ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ዙሌማ ሁለተኛውን መጽሐፍ ቀጠለች። ጎርፉ ድልድዩን ሊወስደው ነው፣ ልጅቱ መሃሉ ላይ ናት፣ ገመዱ እየተበጠሰ ነው። ከዚያ መጽሐፉን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

«ከዚያስ?» ብዬ ጮኽኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዙሌማ መጽሐፉን ብብቷ ስር ሸጎጠችና፣ «ነገ በምሳ ሰዓት ይምጡ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ልጅዎ
ኒዩርካ